ውሃ ሲመጣ ማን ይነሳል

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ። አዳማ፣ እኛ ሰፈር ውሃ መጣ። አባቴ ከአልጋቸው አልተነሱም።

ሰዓቱን በትክክል የማውቀው ፓምፓችን ላይ የገጠምኳት ትንሽ ኮምፒውተር ስለመዘገበችው ነው። ፓምፑን በራሷ አስነሳች፤ የውሃ ማጠራቀሚያው ሮቶ ሲሞላ በራሷ አጠፋች፤ ስልኬ ላይ «ሞልቷል» የሚል መልእክት ላከች። መልእክቱን አነበብኩ፣ ደስ አለኝ፣ ተመልሼ ተኛሁ። አባቴ በዚያ ሰዓት ነቅተው ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሰኞና ሐሙስ። ቀኑ ይታወቃል፣ ሰዓቱ አይታወቅም። አንዳንዴ ከንጋቱ አሥር ሰዓት፣ አንዳንዴ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይመጣል። ከመጣም ብዙ አይቆይም። ተኝቶ ያመለጠው ሰው እስከሚቀጥለው ፈረቃ ጄሪካን ይዞ ሲለምን ይሰነብታል። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በሚገባው መስመር ላይ የመጀመሪያው ቤት የእኛ ስለሆነ ቀድሞ የሚያስነጥሰው የእኛ ቧንቧ ነው። መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ያጓራል፣ ከዚያ ነው ውሃው የሚከተለው። የአባቴ መኝታ ቤት ከቧንቧው ጎን ነው። ማስነጠሱን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከእኛ ቀጥሎ እስከ መስመሩ መጨረሻ አሥራ አንድ በር አለ። አሥራ አንዱንም ያንኳኳሉ።

«ቢሻን ዱፌ! ውሃ መጣ!»

እኔ ይህን ድምፅ በእንቅልፍ ልቤ እሰማውና ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። እስከማስታውሰው ድረስ ተነስቼ ተከትያቸው አላውቅም።

አባቴ በልጅነታቸው ከከምባታ ለሸንኮራ ቆረጣ ወንጂ መጥተው፣ በኋላ መካኒክ ሆነው፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በፈረቃ መሥራት ልማዳቸው ስለነበር ጎህ ሳይቀድ መነሳት አይከብዳቸውም። የሚከብዳቸው መታጠፍ ነው። በስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ጥርስን ያበልዛል፤ ዕድሜ ልኩን ለጠጣው ሰው ደግሞ መገጣጠሚያውን ያደርቃል። የአባቴ አንገት አይዞርም። ሲጠሯቸው በመላ ሰውነታቸው ነው የሚዞሩት። ጎንበስ ብለው የቧንቧ መክፈቻ ለማዞር በአንድ እጃቸው ግድግዳ መያዝ አለባቸው።

ባለፈው ነሐሴ ሰባተኛው በር አጠገብ ጭቃ አንሸራትቷቸው ወደቁ። የተሰበረ ነገር አልነበረም። ክሊኒክ ወሰድኳቸው፣ ሐኪሟ መረመረቻቸውና ሁለት ነገር ነገረችኝ። ሁለቱንም ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። «ድጋሚ እንዳይወድቁ ይጠንቀቁ። መንቀሳቀስ ግን እንዳያቆሙ፤ ካቆሙ ይደርቃሉ።» ደብተሩ አሁንም አለ። ያሰመርኩት ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሥር ነው።

ሙያዬ ጋዜጠኝነት ነው። ከዱከም እስከ መተሐራ፣ ወደ ደቡብም እስከ መቂ ያሉትን ከተሞች ስዘግብ ብዙ ዓመት አልፎኛል። ስለ ውሃ እጥረትም ጽፌያለሁ፤ የሌላ ቀበሌ ሰዎችን ጠይቄ። የራሴን መንገድ ሰዎች ጠይቄ አላውቅም። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ነን። ወደ ሥራ ስወጣ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነበር፤ በጭለማ፣ በጭቃ፣ ማንም ሳያያቸው እንዳይወድቁ። ስለዚህ የሚነሱበትን ምክንያት ለማጥፋት ወሰንኩ።

ኅዳር ላይ በአንድ ሰሌዳ ያለቀች ትንሽ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። የመታወቂያ ካርድ ታክላለች። ስክሪን የላትም፣ ኪቦርድ የላትም፤ ያላት ሁሉ ያለው ጥፍር በምታክል ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው። ስለ እነዚህ ነገሮች ከኢንተርኔት ያነበብኩትን ያህል እንጂ ሌላ እውቀት አልነበረኝም። ሦስት ቅዳሜና እሁድ ፈጀችብኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ካርዱ ላይ ሲስተሙን ጫንኩና በስልኬ ቻርጀር ሰካኋት። ትበራለች፣ ትጠፋለች፣ ትበራለች። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የቻርጀሩ አቅም ማነስ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ቀን አለቀ። በሁለተኛው ቅዳሜ ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ መብራት ሄደ፤ ሲመጣ ካርዱ ተበላሽቷል። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ በዚህኛው ግን በመሃል ፓወር ባንክ አስገባሁ። ቀጥሎ የሰዓት ነገር መጣ። የራሷ ባትሪ ያለው ሰዓት ስለሌላት መብራት ጠፍቶ ፓወር ባንኩ ባለቀ ቁጥር ጊዜ ይቆምባታል፤ ኔትወርክ አግኝታ እስክታስተካክል ድረስ ያለፈው ሰዓት ውስጥ ናት። እሱንም ፈትሼ መላ አገኘሁለት። እያንዳንዱን ስህተት ከነመፍትሔው ጽፌ ይዤዋለሁ፤ ስምንት ገጽ ሆኗል።

አባቴ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አጎንብሼ ሲያዩኝ ወንበር ስበው ተቀመጡ። መካኒክ ናቸውና የተገለጠ ነገር ማየት ይወዳሉ።

«ሞተሯ የት ነው?» አሉኝ።

«ሞተር የላትም፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን ትሠራለች?»

«የሚሠራው ፓምፑ ነው። እሷ ተነሳ፣ ጥፋ ትለዋለች።»

«እራሷ ምንም አትሠራም?»

«አትሠራም።»

«አለቃ ናት በይኛ!» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ።

በሦስተኛው ሳምንት ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ቆጣሪው አጠገብ ውሃ መምጣቱን የሚያውቅ ሴንሰር ገባ፤ ሮቶው ውስጥ መሙላቱን የሚናገር ሌላ ሴንሰር። ከዚያ በፊት ውሃው በራሱ ግፊት መሬት ላይ ወዳለው በርሜል ይወርድ ነበር፤ አባቴ ከበርሜሉ ወደ ሮቶው በፓምፕ ይገፉታል። ሠራተኛው «በርሜሉ ለምን አስፈለገ? ፓምፑን ቀጥታ መስመሩ ላይ ላድርገው፣ በአንድ አፍታ ይሞላል» አለኝ። ለእኔም ለኮምፒውተሯም የሚቀለው እሱ ነበር። እሺ አልኩት። ፓምፕ ከመስመሩ ሲስብ ከእኛ በኋላ ላሉት ቤቶች ምን እንደሚተርፋቸው አልጠየቅኩም። የሌላ ሰው ግቢ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያ ጥያቄዬ እሱ ይሆን ነበር።

በቀትር ሞከርናት። በሴንሰሩ ላይ ከባልዲ ውሃ ለቀቅን፤ ማብሪያዋ ጠቅ አለች፣ ፓምፑ ተነሳ። አባቴ በመላ ሰውነታቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ ለማን ነው የምትከፍተው?»

«ለማን ትክፈት? ለእኛ ነዋ።»

«ለእኛ።»

«አዎ። ከእንግዲህ እርስዎ ይተኙ። መነሳት ቀረ።»

«እንግዲህ» ብቻ አሉና ወደ ቤት ገቡ። በሥራዬ ዝም ያለን ሰው ተስማማ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ያን ቀን ግን እንደ ተስማሙ ቆጠርኩት።

ታኅሣሥን በሙሉ መነሳታቸውን አልተዉም። ፓምፑ እያጓራ እሳቸው ጋቢያቸውን ደርበው ይወጣሉ። አንድ ጠዋት በር ላይ ይዤ አስቆምኳቸው።

«አባባ፣ ማሽኗ አለች እኮ!»

«በር ታንኳኳለች?»

«ሰዉ በስልኩ አላርም ይሙላ። እርስዎ የሰፈሩ አላርም ነዎት እንዴ?»

«ስልክ ውሃ መምጣቱን በምን ያውቃል?» አሉኝና አልፈውኝ ሄዱ። የወጡበትን በር ገርበብ አድርጌ ተመለስኩ። ሥራ ነበረብኝ፤ መቂ ላይ ሽንኩርት የሚጭኑ መኪኖች ተሰልፈው ደላላና ገበሬ የተጣሉበትን ጉዳይ ለመዘገብ በጠዋት መውጣት ነበረብኝ።

ቀጥሎ የሆነውን ከሁለት ሰዎች አረጋግጫለሁ፤ ቃላቸውም ይገጥማል። ስድስተኛው በር ላይ የሚኖረው ጎረቤታችን ዱከም ፋብሪካ ነው የሚሠራው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ይይዛል። ከዚያ በፊት ካልቀዳ ሚስቱና ልጆቹ ሦስት ቀን ያለ ውሃ ናቸው። ጥር 12፣ ሰኞ፣ አባቴ አንኳኩለት። ተነስቶ ቧንቧውን ከፈተ፤ የወጣው ፉጨት ብቻ ነው። ከእኛ ግቢ የፓምፑ ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ሮቶዎን እየሞሉ ነው እንዴ የሚቀሰቅሱን?» አላቸው። «ፉጨቱንማ ተኝቼም እሰማው ነበር!»

አባቴ የቀሩትን አምስት በሮች ሳያንኳኩ ወደ ቤት ተመለሱ። አባቴ ከአልጋቸው ያልተነሱበት ያ ሐሙስ የመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

እኔ ከዚያ ሐሙስ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ሥራዬ ያማረልኝ መስሎኝ ነበር። አባቴ ተኝተው ያረፍዳሉ። በረንዳው ላይ ከመቀመጥ በቀር የትም አይሄዱም። መቂ ሆኜ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ በስልክ «አሁን ሐሳብ የለኝም፣ ተኝተው ነው የሚያነጉት» ማለቴን አስታውሳለሁ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በራችን ተንኳኳ። አሥራ አንደኛው በር ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት፣ ከደራ መጥተው እዚህ ያረጁት እናት ናቸው። ከመስመሩ መጨረሻ እስከ እኛ ቤት በእግራቸው ሲመጡ አይቼ አላውቅም ነበር።

«አካም ቡልቴ?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አሉኝ።

«ናጋ፣ እማማ። ይግቡ።»

አልገቡም። «አባትሽ ታመሙ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ምን አስቀየምናቸው?»

ስለ ማሽኗ አስረዳኋቸው። በደንብ ሰሙኝ። ከዚያ እኔ የማላውቀውን፣ በዚያ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ነገሩኝ።

«እሳቸው እኮ የራሳቸውን የሚከፍቱት መጨረሻ ነው። እኔ ጋ ይደርሳሉ፤ እጄ ስለማይዝ መክፈቻውን ያዞሩልኛል፤ ባልዲዬ ውስጥ ሲወርድ አይተው ይመለሳሉ። ከዚያ ነው የራሳቸውን የሚከፍቱት። ቀስቃሽ ቀድሞ አይቀዳም። ቀድሞ ከቀዳማ ማን አምኖት ይነሳል? እናትሽ ሳለችም እንዲሁ ነበር። አንቺ አታውቂም?»

አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ደብተሬን ይዤ አሥራ አንዱንም በር ዞርኩ። ዘጠኝ ቤት ሰው አገኘሁ። ዘጠኙም ሰው ያው ነገር ነገሩኝ፤ የአባቴ ቧንቧ ከሁሉም ኋላ ይከፈታል። ማሽኗ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሁሉም በፊት ስትከፍት ነበር፤ ያውም እየሳበች። ታኅሣሥን በሙሉ አባቴ በር እያንኳኩ ሰው የሚቀሰቅሱት የራሳቸው ፓምፕ ወደሚጠጣው ውሃ ነበር። ይህን እሳቸው ያውቁ ነበር። እኔ አላውቅም ነበር።

ዱከም የሚሠራው ጎረቤታችን ስጠይቀው ፊቱ ተለወጠ።

«ቀልዴን እኮ ነው! እሳቸውም ሲቀልዱብኝ ነው የኖሩት። ሚስትህ ሳትጥልህ ተነስ ይሉኝ ነበር።»

«ከዚያ ወዲህ አልወጡም።»

«በእኔ ነው?»

በእሱ ብቻ እንዳልሆነ ነገርኩት። በዚያው ምሽት መጥቶ አባቴን ይቅርታ ጠየቀ። አባቴ በትሕትና ተቀበሉት፣ አስቀመጡት፣ ስለ ፋብሪካው ጠየቁት። «ምን አጠፋህና?» አሉት። «ያልከው እውነት ነው። ውሸት ብትናገር ነበር ይቅርታ የምትጠይቀኝ።»

እሱ ከሄደ በኋላ እኔ ጠየቅኳቸው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን?»

«መጨረሻ እንደሚከፍቱ።»

ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ፣ ደክመሽ ገብተሽ፣ ሦስት ሳምንት ጎንበስ ብለሽ፣ ለእኔ ብለሽ የሠራሽውን ምን ብዬ አፍርሺው ልበልሽ? ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

የካቲት 8፣ ቅዳሜ፣ ማሽኗን ነቀልኳት። ቧንቧ ሠራተኛውን መልሼ ጠርቼ ፓምፑን ከመስመሩ አስፈታሁ፤ በርሜሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ለአባቴ ነገርኳቸው። «ደግ አደረግሽ» አሉ። ሰኞ ንጋት ላይ ነቅቼ ጠበቅኩ። ቧንቧው አስነጠሰ። የአባቴ አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተነስተው ተቀምጠዋል ማለት ነው። ጠበቅኩ። በር አልተከፈተም። ደግሞ አልጋው ተንቋቋ፤ ተመልሰው ተኙ።

እኔ ወጣሁ። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን በር አንኳኳሁ፣ የሦስተኛውን ቆርቆሮ በቡጢ ደበደብኩ። ጨቅላ ማልቀስ ጀመረ። እናቲቱ ብቅ አለች።

«ውይ ቀስ በይ እንጂ! አባትሽ እኮ በጥፍራቸው ነበር የሚመቱልን። በስንት መከራ አስተኝቼው!»

ይቅርታ ጠይቄ አለፍኩ። አምስተኛው በር ላይ ውሻው ከአባቴ ሌላ ሰው አያስጠጋም፤ ከሩቅ ጮህኩ። አሥራ አንደኛው ጋ ስደርስ ውሃው ከመጣ ቆይቷል። እማማ በሩን ከፍተው፣ ወንበር አውጥተው፣ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው ነበር። ከኋላዬ ሌላ ሰው እንዳለ ለማየት ወደ መንገዱ አዩ። መክፈቻውን አዞርኩላቸው።

ከተማ ውስጥ ባለሁባቸው ቀናት እንዲሁ አደረግሁ። መቂ ወይም መተሐራ ባደርኩባቸው ቀናት ማንም አልወጣም። አንዱ ጎረቤት የስልክ ቡድን ከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ቧንቧው ሲያስነጥስ የሚሰማው ሰው እኛ ቤት ነው ያለው፣ አባቴም መልእክት አይጽፉም። አባቴን ሁለት ጊዜ አብረን እንውጣ ብዬ ለመንኳቸው። የመጀመሪያውን «ብርዱ ይለፍ» አሉኝ። ሁለተኛውን ተነስተው እስከ ግቢያችን በር መጡ። በሩን ይዘው ቆሙ፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። አልጋቸው ድረስ ደግፌ መለስኳቸው።

የካቲት መጨረሻ ላይ ክሊኒክ ተመለስን። ያቺው ሐኪም ናት። ጉልበታቸውንና ወገባቸውን ነካክታ ካየች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«እንቅስቃሴያቸው በነሐሴ ከነበረው በጣም ቀንሷል። በቀን ምን ያህል ይራመዳሉ?»

«ግቢ ውስጥ።»

«በፊትስ?»

«በሳምንት ሁለት ቀን አሥራ አንድ ቤት ያንኳኩ ነበር።»

«ለምን አቆሙ?»

አባቴ ቀደሙኝ። «አረጀሁ» አሏት። እሷ ጻፈችው። እኔ አላረምኩትም።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አራተኛው በር ላይ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር መጡ። የተማሪ ደብተርና እስክርቢቶ ይዘዋል። አባቴ በረንዳ ላይ ነበሩ፤ ሊነሱላቸው ሲሞክሩ መምህሩ ትከሻቸውን ይዘው አስቀመጧቸው።

«ሰፈሩ ተነጋግሮ ነው የመጣሁት» አሉ። «እርስዎ ቢመለሱልን ደስታችን ነበር።»

«እግሬ እንቢ ብሏል።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ በየተራ ልንቀሰቅስ ተስማምተናል። ልጅዎ ቧንቧውን ስትሰማ ለእኔ ትደውላለች፤ እሷ ከሌለች እርስዎ ይደውሉልኛል። ግን ማን በምን እንደሚነሳ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። ይንገሩኝና ልጻፈው።»

አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። እየሄዱ ያሉ ይመስል በየበሩ ትንሽ ይቆማሉ።

«አንደኛው፣ በዱላ ሁለቴ። በሦስተኛው ሰውየው ይቆጣል። ሁለተኛው፣ ስሟን መጥራት ነው፤ በር አትሰማም። ሦስተኛው ጨቅላ አለ፤ በጥፍር። አራተኛው የእርስዎ ነው።»

«እኔን በምን ነበር?»

«እርስዎ ሁልጊዜ ነቅተው ነው የማገኝዎት። ሳል ካልሰማሁ ነበር የማንኳኳው።»

መምህሩ ሳቁና ጻፉ። አባቴ ቀጠሉ። አምስተኛው፣ ውሻውን ቀድሞ ማናገር። ስድስተኛው ቶሎ፤ ሚኒባስ ያመልጠዋል። ሰባተኛው አጠገብ መሬቱ ያንሸራትታል፣ በግራ በኩል ማለፍ። ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው፣ አሥረኛው። አሥራ አንደኛው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰዱ። መክፈቻው ወደ ግራ ትንሽ ከተመለሰ በኋላ ነው የሚዞረው፤ በጉልበት ከተዞረ ይሰበራል። ውሃው ባልዲው ውስጥ ሳይወርድ እንዳይመለሱ።

መምህሩ የመጨረሻውን መስመር ጽፈው ቀና አሉ።

«የእርስዎን ቤትስ ስንተኛ ላድርገው?»

«እኛን አይጻፉን» አሉ አባቴ። «እኛ ማሽን አለን።»

መምህሩ ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ ደብተራቸውን ዘጉ። ማሽኗን ከነቀልኳት ያን ዕለት አምስት ሳምንት ሆኗት ነበር፤ ይህን አባቴም ያውቁ ነበር።